ላልሰማ አሰማ

ሰው ሳይሞት የቅሬ ጡሩምባ የሚነፋው ማን ነው?

ዙልፋ ይማም ከፊንላንድ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኔ ላይ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አልጋዋ ላይ እንዳለች ይህን ጠየቀች። ጡሩምባው ሦስት ጊዜ ጮኸ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ ተከተለ፤ ያ ጎርናና፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የሚሰነጠቅ፣ ጥዱ ስር የሚባለውን የደሴ ሰፈር ከአርባ ዓመት በላይ ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ የኖረ ድምፅ።

«የቅሬ አባል የሆንክ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ዙልፋ ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተነሳች። ማን ሞቶ ይሆን እያለች ወደ ሳሎን ስትወጣ አባቷ ጋሽ ይማም እብሬ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እያራሱ ይበላሉ። አፋቸው ሙሉ ነው። ድምፃቸው ግን ውጭ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ አሁንም እየተጣራ ነበር።

እናቷ ራህመት ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆመው ባላቸውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ መልሰው ባላቸውን አዩ።

«አንተ» አሉ፣ «እዚህ ነህ አይደል?»

«እዚሁ ነኝ» አሉ ጋሽ ይማም፤ ጉርሻውን እስኪውጡ ትንሽ ቆይተው።

ደሴዎች እድርን ቅሬ ነው የሚሉት። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ ጡሩምባውን እየነፋ በየመንገዱ ይዞራል፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ያልወጣ፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ቀባሪ ያጣል። ስለዚህ ያን ጠዋትም ሰፈሩ እንዳለ ወጣ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሦስቱ የእነ ዙልፋ ቤት ሰዎችም ተከትለው፣ ስሙን ለሰፈሩ ከሰጠው አሮጌ ጥድ ስር ተሰበሰቡ። እዚያ የጠበቃቸው ሬሳ አልነበረም። ከእንቁላል የማትበልጥ አንዲት ሞንታርቦ ጭጋጉ ላይ ተንሳፍፋ፣ በጋሽ ይማም ድምፅ፣ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለች። «በመጪው ማክሰኞ የመንገድ መብራት ምርጫ ነው። እጩ ቁጥር ዘጠኝን አትርሱ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሽ ይማምን አየ። እሳቸው ከንፈራቸው ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ ጠረጉ።

«ይማም» አሉ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታደገ፣ «የሞተው እጩ ቁጥር ዘጠኝ ነው እንዴ? እሱ ከሆነስ በደስታ እንቀብራለን።»

ሳቅ ሆነ። ራህመት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጨመሩበት። «ወላሂ ሳላውቀው ሁለት ባል አግብቼ ኖሯል! አንዱ ቤት ውስጥ አይናገር፣ አንዱ ደጅ ላይ ዝም አይል!»

ሳቁ እስከ ሰፈሩ የውሃ ቧንቧ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ጋቢውን ትከሻው ላይ እያጣፋ ወደየቤቱ ገባ። ያን ቀን ነገሩ እንዲህ በሳቅ አለፈ።

የምርጫ ቅስቀሳው መቼ እንደተጀመረ የሚያስታውስ ሰው ጥዱ ስር የለም። በየማክሰኞው ምርጫ አለ። የውሃው አለ፣ የመብራቱ አለ፣ የመንገዶቹ ስም አለ፣ ገበያው በስንት ሰዓት ይከፈት የሚለው አለ፤ አንዱ ሳያልቅ የሚቀጥለው እጩዎች ይመጣሉ። ሞንታርቦ የሚለው ስም ቁም ሳጥን ከሚያካክሉት የድሮ ድምፅ ማጉያዎች የተወረሰ ነው። የአሁኖቹ ከጭጋጉ ጋር ይወርዳሉ፣ ከጭጋጉ ጋር ይሄዳሉ፤ እንደ እርግብ መስኮት ላይ ያርፋሉ፣ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃሉ። ትንንሽ ልጆች ጥሬ ይበትኑላቸዋል። አይለቅሙም፤ ግን ልጆቹ መበተናቸውን አልተዉም።

በአንድ እጩና በሚቀጥለው መካከል ሕጉ አሥራ አንድ ሰከንድ ፀጥታ ያዛል። የሰፈሩ ሰው ይህችን ፀጥታ ትንፋሽ ይላታል። ቁም ነገር የሚነገረው በትንፋሽ ነው። የጋብቻ ጥያቄ ሁለት ቃል ሆኗል፤ መልሱ አንድ። ጥል በየክፍሉ ይካሄዳል፤ ጠዋት የተሰደበ ሰው መልሱን አዘጋጅቶ እስከሚቀጥለው ትንፋሽ ይጠብቃል፣ አንዳንዴም እስኪደርስ ንዴቱ ይበርድለታል። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ለጎረቤቷ «እኔ የምለው…» ትልና ድምፁ ሲመጣ አፏን ትዘጋለች። ሃያ ደቂቃ ሁለቱም ዝም ብለው እየተያዩ ይቆማሉ። ከዚያ «…ጨው አለሽ?» ትላለች። እዚህ ያደገ ሰው ሌላ አገር ሄዶ እንቅልፍ እምቢ እንደሚለው የታወቀ ነው።

ዙልፋን ግን እምቢ ያላት ስትመለስ ነው። ሥራዋ ማዳመጥ ነበር። ለከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ረጅም የብረት ዘንግ ይዛ ትዞራለች፤ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የተቀደደ ቧንቧ ትፈልጋለች። ቀዳዳ እንደ ፉጨት ይሰማል ብለው ነበር ያስተማሯት። እዚህ በየሃያ ደቂቃው አሥራ አንድ ሰከንድ ታዳምጣለች፤ የቀረውን ጊዜ ዘንጓን ተደግፋ ጭጋጉን ታያለች። የሥራ ጓደኞቿ ይስቁባታል። እሷም አንዳንዴ ትስቃለች።

ፊንላንድ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ከተማ በር ጠንከር ብሎ ከተዘጋ የቅሬታ ደብዳቤ የሚጻፍበት ነበር። እዚያ፣ ከሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ቤታቸው የተከፈተው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ዙልፋ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ጣሪያዋን እያየች «ምን ያለ ሰላም ነው» ስትል ነበር። ወደ አገሯ ያመጣት ይህ ይሁን ሌላ ነገር፣ እርግጠኛ አይደለችም። እርግጠኛ የሆነችበት ነገር ብዙ አልነበረም።

የድምፁ ነገር የሆነው እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የቅርስ ሰዎች ነን ያሉ ሁለት ወጣቶች መጥተው የጋሽ ይማምን ጥሪ ሦስት ቀን ሙሉ ቀዱ። የሚቀዳው ድምፅ ብቻ ቢሆንም ራህመት ባላቸውን ለዒድ የሚለብሱትን ኮት አልብሰው ነበር የላኳቸው። ጋሽ ይማም የሕያዋንንም የሙታንንም ስም ጠሩላቸው፣ ጡሩምባ ነፉላቸው፣ ወረቀት ላይ ፈረሙላቸው። ከዚያ በኋላ ድምፁ በየት ዞሮ እጩ ቁጥር ዘጠኝ እጅ እንደገባ አላወቁም። መጀመሪያ ሰሞን አልተናደዱም። መስኮቱ ጋ ቆመው ራሳቸውን ያዳምጡ ነበር።

«ጥሩ ይጠራል» አሉ አንድ ቀን። «ትንፋሹን አይጨርስም። እኔ ዳገቱ ላይ ሁሌም ያልቅብኛል።»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው ወጣ። ምናልባት የእውነት ይሆናል እያለ፣ ሌላው ቢቀር ሐሜት ፈርቶ ወጣ። ሰኔ ሳያልቅ ግማሹ ቀረ። ሐምሌ ላይ ጡሩምባው ሲነፋ መስኮት የሚዘጋ እንጂ በር የሚከፍት ጠፋ። ሐምሌ አሥራ ሁለት ልብስ ሰፊው ሰይድ ሞተ። ጋሽ ይማም በእግራቸው ዞረው ጠሩ። የመጣው ስምንት ሰው ነው፣ የሟቹ ወንድም ተቆጥሮ። ቃሬዛውን የሚቀባበል ስላልነበረ እየቆሙ፣ መሬት ላይ እያሳረፉ ወሰዱት።

ከቀብር መልስ ጋሽ ታደገ እነ ዙልፋ ቤት ገብተው ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሲያዩ ቆዩ። ትንፋሽ ሲመጣ ተናገሩ።

«ይማም፣ ሳትጠራ ይመጡ ነበር። ስትጠራ አይመጡም። ይሄ ምን የሚሉት ነው?»

«አሁንማ ሳልጠራም አይመጡም» አሉ ጋሽ ይማም።

ራህመት ማታ ራት ቀርቦ ሦስቱ ሲበሉ፣ ትንፋሿ ስትመጣ ጠብቀው፣ እጃቸውን ከማዕዱ ሰብስበው፣ «እኔን ስምንት ሰው እንዳይቀብረኝ» አሉ። «በሰው መሃል ነው የኖርኩት። ያልወለድኩበት ቤት የለም፣ ያላለቀስኩበት ድንኳን የለም። በሰው ልሸኝ። ይማም፣ ሰምተኸኛል?»

ጋሽ ይማም አፋቸውን ሲከፍቱ እጩ ቁጥር ሁለት ጀመረ። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

በማግስቱ ዙልፋ ወደ ቅስቀሳው ጣቢያ ሄደች። ከገበያው በላይ ያለች ነጭ ክፍል ናት፤ ውስጧ ፀጥ ያለ ነው፣ ከተማው ውስጥ ያለ ፀጥታ ሁሉ እዚያ የተከማቸ ይመስላል። የተቀበለቻት ልጅ ትሑት ነበረች። ወንበር ሰጠቻት።

«አባትሽ በጣም ይወደዳሉ» አለቻት። «ከሁሉም ድምፅ ይበልጣሉ።»

«ሲጠሩ ማንም አይነሳም እኮ።»

«ሰዎቹ መነሳት አይጠበቅባቸውም» አለች ልጅቷ ፈገግ ብላ። «መስማት ብቻ ነው።»

ዙልፋ ብዙ ልትናገር አስባ ነበር የመጣችው። ፀጥታው ግን ጆሮዋን ያዘው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ስትወጣ ግድግዳው ላይ የአስተያየት መቀበያውን አድራሻ አይታ ስልኳ ላይ ያዘችው። ለምን እንደያዘችው አታውቅም።

ራህመት አሊ ነሐሴ ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ብርጭቆ ሲያጥቡ «ድካም ድካም አለኝ» ብለው ተቀመጡ። ዙልፋ ውሃ ይዛ ስትዞር እናቷ አልፈዋል። እርጥቡ ብርጭቆ እጃቸው ላይ ነበር።

ዙልፋ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት በድሮ ጊዜ ሰፈር ያነቃንቃል። የእሷ ግን እጩ ቁጥር አራት ስር ገብቶ ቀረ። ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት እንኳ አልሰማችም፤ ዙልፋ ሄዳ በእጇ ጎትታ እስክታመጣት ድረስ።

ቀብሩ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። አራት ሰዓት ያህል አላቸው። ዙልፋ ስልኳ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ደወለች። ማንም አላነሳም፤ የሚጮህ ስልክ እጩ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ይማም የሚስታቸውን ዓይን ከደኑ፣ ግንባራቸውን ሳሙ፣ ጡሩምባውን ከተሰቀለበት አወረዱ። ኮት አልለበሱም። እንዳሉ ወጡ። ዙልፋ ተከተለቻቸው።

ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሞልቶታል። አጥሮቹ ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው ነው የሚታዩት። ጋሽ ይማም የመጀመሪያው መንገድ አፍ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ነፉ።

«የቅሬ አባል የሆንክ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ራህመት አሊ፣ የይማም እብሬ ባለቤት አርፋለች! ቀብር ከዙህር በኋላ ነው!»

ድምፃቸው እንደ ወትሮው መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። ሌላ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም።

ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። «ኧረ ያረቢ!» አለ አንድ ጎልማሳ። «ዛሬስ የገዛ ሚስቱን ገደሉበት! ለአንድ ወንበር ብለው!»

«ብልሃት መቼ ያጣሉ እነሱ» አለች ከውስጥ ሴት። «ዝጋው፣ ብርዱ ገባ።»

መስኮቱ ተዘጋ።

ጋሽ ይማም ቀጠሉ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ሲጠሩ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ስንጥቅ፣ «ጥዱ ስር ሆይ፣ እንደምን አደራችሁ?» የሚል ተሰማ። እሳቸው ይጠራሉ፤ እሱ ይቀበላል። እሳቸው ራህመት አርፋለች ይላሉ፤ እሱ ማክሰኞን አትርሱ ይላል። ዙልፋ ጭጋጉ ውስጥ የአባቷን ድምፅ ተከትላ ቁልቁል ወረደች፤ አንድ አጥር፣ ሁለት አጥር አለፈች። ደርሳ እጇን ስትዘረጋ እጇ የነካው ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ እንቁላል የምታክል ነገር ነበር። «ዙልፋ ይማም» አላት በፍቅር፣ «ደህና አደርሽ ወይ?»

እየሮጠች ተመለሰች። አባቷን ያገኘቻቸው ሦስተኛው መንገድ ላይ፣ የቤተሰቡ ወዳጅ እትዬ ላቂያ በር ላይ ነው። ቆመዋል። አይጠሩም። የጡሩምባውን አፍ ወደ መሬት አዙረውታል።

«አባዬ፣ ይጥሩ እንጂ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጠራም ማለታቸው ነበር።

«አባዬ፣ አመመዎት?»

አሁንም ነቀነቁ። እዚያው በር ላይ ዝም ብለው ቆሙ። ዙልፋ ክንዳቸውን ይዛ ልትጎትታቸው አሰበች፤ ሌላ በር፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ዘዴ። ከዚያ የአባቷን ፊት አየችና ተወችው። አጠገባቸው ቆመች። ከኋላቸው እጩ ቁጥር ስድስት ስለ ገበያ ሰዓት እያወራ አለፈ።

እትዬ ላቂያ በሩ ስንጥቅ ላይ ጥላ አይታ፣ ጥላው ምንም ሳይል ሲቆይባት፣ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። «ሂድ ወዲያ! ባለፈው ማክሰኞ መርጫለሁ፣ የባለፈውንም…» ብላ ጀመረች።

ቆመች። ጋሽ ይማምን አየቻቸው። ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። እጃቸውን ነካች፤ ሥጋ መሆኑን ያረጋገጠች ይመስላል።

«ይማም፣ ምን ሆነሃል? ለምን አትናገርም?» አለች። ቀስ ብላም፣ «ማነው?»

ዝም።

«ራህመት ናት?»

ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፉ።

መጥረጊያው ወደቀ። ላቂያ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ በላይዋ የሚያንዣብበውን ድምፅ ሰማችና አፏን ዘጋች። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧን ታጠቀችና በሩን እንኳ ሳትዘጋ ከኋላቸው ተሰለፈች።

በሚቀጥለው በር ሦስት ሆነው ቆሙ። በሚቀጥለው አምስት። አላንኳኩም፣ አልተጣሩም። ቆሙ ብቻ። ከዓመታት ወዲህ ጥዱ ስር በር ላይ ቆሞ ዝም ያለ ፍጡር አልነበረም። ሰው ጀርባውን በሩ ላይ አድርጎ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ተጣልቶ ኖሯል፤ ዝምታ ግን እንደ ብርድ በበሩ ስር ገባበት። አንዱ ሳህን እንደያዘ ወጣ። አንዷ ፀጉሯን ግማሽ ተሠርታ ወጣች። ያ መስኮቱን የዘጋው ጎልማሳ ከሁለተኛው ፎቅ ቁልቁል ሲያይ ጭጋጉ ውስጥ ሃያ ሰው የሚሆን ዝም ብሎ ወደ ላይ እያየው ነበር። በባዶ እግሩ ወረደ። ጋሽ ይማም እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

ከዙህር በኋላ ቃሬዛው ሲነሳ ሰልፉ ጫፉ አይታይም ነበር። ራህመት መሬት አልነኩም፤ ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበሉ ዳገቱን አወጧቸው። ሙስሊሙ ሲሰግድ ክርስቲያኑ ከኋላ ጫማውን አውልቆ ቆመ። ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከመቃብሩ በታች ቀሩ። ዙልፋ ከእነሱ ጋር ሆና ሞንታርቦዎቹ ከየሰፈሩ ተጠራርተው እንደ ነጭ ወፍ ሲመጡ፣ በሰዎቹ ራስ ላይ ሲከቡ አየች። ይህን ያህል ሕዝብ አንድ ላይ አይተው አያውቁም።

«ለዚህ ታላቅ ሰልፍ» አለ የአባቷ ድምፅ ከሰማይ፣ ከልብ በተነካ ስሜት፣ «ምስጋናዬ ወሰን የለውም።»

ከስር አባቷ አፋቸውን ገጥመው አፈር ያለብሱ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሲቀመጥ ጋሽ ይማም አንድ ቃል አልወጣቸውም። የመጣውን ሁሉ በእጃቸው ተቀበሉ፣ በእጃቸው ሸኙ። ድንኳኑ በተነሳ ማግስት፣ ጠዋት፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ሻይ እየጠጡ ሳሉ መስኮቱ ላይ ድምፁ አረፈ።

«ራህመት አሊ፣ እንደምን አደርሽ? ጭጋጉ በርትቷል፤ ደረብ አድርገሽ ውጪ። ማክሰኞ…»

ዙልፋ ጫማዋን አውልቃ ተነሳች።

«ተይው» አሉ አባቷ ወደ ጆሮዋ ቀርበው።

ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። ጫማው እጇ ላይ ቀረ።

«አልሰማም እኮ» አሉ።

«ማን?»

በአገጫቸው መስኮቱን አሳዩ። «እሱ። አልተረዳም።»

«አባዬ፣ ማሽን ነው።»

«ማሽኑን አላልኩም። ሰውዬውን ነው። ያኔ ሲቀዱት ቤቱ ደህና ነበር። ጠዋት ከሚስቱ ጋር ስቆ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ ማንም ምንም አልነገረውም። እንዴት ይወቅ?»

ዙልፋ የምትመልሰው ነገር ነበራት። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ ፊንላንድ ውስጥ ቢሆን ሁሉም ይሠሩ ነበር። ጫማዋን አጠለቀችና ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እንደ ሰው ይረዳ።»

መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ከሌላ አፍ ሳይሰማ፣ የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ያስቀምጡታል፤ አጠገቡ ሆነው ይነግሩታል፤ ሲወድቅ ይይዙታል። በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ታደገና እትዬ ላቂያ መጡ። ዙልፋ ያንን ከጣቢያው የያዘችውን የአስተያየት አድራሻ ከፍታ ስልኳን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

«በዚህ ይደርሰዋል?» አለች ላቂያ።

«አላውቅም» አለች ዙልፋ። «በጣቢያው በኩል ነው።»

«እንግዲህ ደግ ሰው ያግኘው።»

መርዶ የሚናገረው ባዕድ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ታደገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይማም…» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። ቀና ሲሉ ይማም ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። እንደገና ሞከሩ። «ይማም፣ ወንድሜ…» አሁንም ዓይናቸው ሄደ። «አልቻልኩም አቦ» አሉ። «ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ማርዳት አልችልም።»

ጋሽ ይማም ስልኩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሁሉም ትንፋሿ እስክትመጣ ጠበቁ። ስትመጣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ይማም፣ እስቲ ቁጭ በል። ታደገ አለ፣ ላቂያ አለች። ልጅህ ተመልሳ መጥታለች። ራህመት ሐሙስ ዕለት አረፈች። በሰው ነው የሸኘናት። ብቻህን አይደለህም፣ አብሽር። በቃ፣ በየሰው መስኮት አትዙር። ና፣ ወደ ቤትህ ግባ።»

ዙልፋ ላከችው። ደርሷል የሚል ምልክት ወጣ። አራቱም መርዶ ተነግሮት ገና ያልጮኸ ሰው እንደሚጠበቅ፣ እጃቸውን አጣምረው ስልኩን እያዩ ተቀመጡ። እጩ ቁጥር ሦስት መጣ፤ ሄደ። ላቂያ ሻይ ቀዳች። ሻዩ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ላይ «ራህመት አሊ፣ እንደምን አደርሽ?» አለ።

«አላመነም» አሉ ጋሽ ይማም። «መጀመሪያ ማንም አያምንም።»

ዙልፋ መልእክቱን ከፍታ አየችው። ከስሩ ለመልስ የተተወው ቦታ ባዶ ነበር። ጳጉሜን አልፎ መስከረም ጠባ፤ ጭጋጉም ወደ ጦሳ ተመልሶ ወጣ። መልስ አልመጣም።